ደጅ የከረመው የጠፍር አልጋ

የቆላ ጨውና የደጋ እህል በሚገናኙባት፣ ስሟን ብጠራው የዛሬ ሰው በማያውቃት አንዲት አሮጌ ከተማ ውስጥ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። አላህ ይዘንላቸው። ሥራቸው ቆዳ መነገድ ነበር። ቆዳው ቀዳዳ ካለው ገዢው ሳያይ ራሳቸው ጣታቸውን አስገብተው ያሳያሉ። «ዐይቡ፣ ጉድለቱ ያልተነገረ ዕቃ አልተሸጠም፤ ተሰርቋል» ይሉ ነበር። ይህን ጠባያቸውን አስቀድሜ የማነሳው ችግር ውስጥ የከተታቸው እሱው ስለሆነ ነው። እውነት የተናገረ ሰው መንገዱ ወዲያው ይቃናል የሚል ሰባኪ አጋጥሟችሁ ይሆናል። እኔ እንደዚያ ብዬ አላታልላችሁም፤ አንዳንዴ መንገዱ መጀመሪያ ይጣመማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው እመት ዘይነባ ታመሙና አራት ወር ሙሉ ከአልጋ ሳይወርዱ ቀሩ። አልጋው የጠፍር አልጋ ነው፤ እግሩ ወይራ፣ መኝታው በበሬ ቆዳ ጠፍር የተጠለፈ። መድኃኒት አዋቂ መጣ፣ ሄደ። ዘመድ በሹክሹክታ ስለ ከፈን ማውራት ጀመረ። አንድ ቀን ሐጂ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው፣ «ያ ረቢ፣ ዘይነባ ከዚህ አልጋ በእግሯ ከተነሳች፣ ይህንኑ አልጋ መኝታ ለሌለው ሰው ለአንተ ብዬ እሰጣለሁ፤ ምንም ዋጋ አልቀበልበትም» ብለው ተሳሉ። ይህ በሃይማኖታችን ነዝር ይባላል። ሰው በገዛ አንደበቱ በራሱ ላይ ያሰረው ግዴታ ነውና እስኪፈጽመው ድረስ አይለቀውም።

አላህም ልመናቸውን ተቀበለ። እመት ዘይነባ ተነሱ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጓሮ ወርደው ጎመን ሲቀነጥሱ ታዩ።

ሐጂ ጊዜ አላጠፉም። አልጋውን ከቤታቸው ደጃፍ አወጡና የጁሙዓ ሶላት እንዳበቃ መስጊዱ በር ላይ ቆመው ተናገሩ። «ወንድሞቼ፣ ደጃፌ ላይ አንድ አልጋ አለ። የተሳልኩት ነውና ዋጋ የለውም። መኝታ የሌለው ይውሰደው። ዐይቡን ግን ልንገራችሁ፤ በሽተኛ አራት ወር ተኝታበታለች፣ አንድ እግሩ ተሰንጥቋል፣ ጠፍሩም ረግቧል።»

ያን ቀን ማንም አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ሰው ሲታመም በበሽተኛው ላይ ያዞሩትን ዶሮ ወይም በሽተኛው የነካውን ዕቃ መንገድ ላይ ይጥሉታል። ጭዳ ይሉታል። ያነሳው ሰው በሽታውንም አብሮ ያነሳል ተብሎ ይፈራል። ዑለማዎች ይህ ከንቱ እምነት መሆኑን ስንት ጊዜ አስተምረዋል። ሰውም ሰምቶ «ልክ ነው» ይላል፣ መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ሲያይ ግን ዞር ብሎ ያልፋል። አሁንም አንዱ ቀልደኛ «ሐጂ ከሰደቃ ሁሉ መርጠው በሽታ ሊያድሉን ነው» አለ። ቀልዱ ከሐጂ ማስታወቂያ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰው።

ጭዳ የማይፈራው ደግሞ ናቀው። «ደህና ዕቃ ቢሆን ሐጂን የሚያህል ነጋዴ በነፃ ይሰጠው ነበር?» አለ። አልጋው ላይ ዶሮ መስፈር ጀመረ። አንድ ቀን ዝናብ መታው፣ ጠፍሩ ይብስ ረገበ።

ከሐጂ ቤት በታች ሉባባ የምትባል ሰሌን እየሠራች የምትሸጥ ሴት ነበረች። የባሏ እናት እማ ጦይባ ከእሷ ጋር ይኖራሉ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። መሬት ላይ ስለሚተኙ ለፈጅር፣ ለንጋቱ ሶላት ለመነሳት ሁለት ሰው በብብታቸው ገብቶ ይጎትታቸዋል። ሐጂ ይህን ያውቁ ነበርና ሉባባን በመንገድ ስታልፍ ጠሯት።

«ልጄ፣ ይህ አልጋ ለእማ ጦይባ ይሆናል። ውሰጂው።»

ሉባባ አልጋውን አየችው፤ ዶሮይቱንም አየቻት። «አላህ ይስጥልኝ ሐጂ። ድሆች ነን፤ ግን የተጣለ አናነሳም» አለች።

«አልተጣለም እኮ፤ ተሰጠ እንጂ።»

«እርስዎ እንዳሉት ይሁን» አለችና ሰሌኗን ተሸክማ ሄደች።

ሦስት ሳምንት አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ሐጂ መጨነቅ ጀመሩ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ከመፈጸማቸው በፊት ሞት ቢመጣ በጌታቸው ፊት ምን ሊሉ ነው? «ሰጠሁ፣ የሚወስድ አጣሁ» ይባላል? እህል አልዋጥ አላቸው። ሚስታቸው ድነው እሳቸው ከሱ።

በዚህ መሀል ደላላው ኑርዬ መጣ። ኑርዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምላሱ ከእግሩ ይፈጥን ነበር እንጂ። «ሐጂ፣ ሰው በነፃ ያገኘውን አያከብርም» አለ። «አሮጌ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። ለእኔ ይስጡኝና ከሩቅ አገር የመጣ ነው ብዬ ዋጋ ልጥራበት። በሦስት ቀን ውስጥ ይሻሙበታል። የተገኘውን ለሚስኪን ይሰጡታል፣ ያልቃል።»

«ከሩቅ አገር መጣ ነው የምትለው?»

«ከእርስዎ ቤት እስከ ገበያ ቅርብ ነው እንዴ?»

ሐጂ ፈገግ አሉ፤ ከብዙ ቀን በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። «ኑርዬ፣ በአንድ አልጋ ሁለት ጊዜ ልዋሽ? አንዴ ለገዢው፣ አንዴ ለአላህ?» አሉት።

ሆኖም ልባቸው ስላላረፈ ወደ ከተማው ቃዲ ሄደው ጠየቁ። ቃዲው ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። «ነዝርዎ እንዳንደበትዎ ነው። ይህንኑ አልጋ ብለዋል፣ ሌላ አይተካውም። ያለ ዋጋ ብለዋል፣ አይሸጥም። ሰውን ግን ውሰድ ብሎ ማስገደድ የለም» አሏቸው። ሐጂ እንደሄዱ ተመለሱ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ እመት ዘይነባ ደፍ ላይ ተቀምጠው ዶሮይቱ አልጋው ላይ እንቁላል ስትጥል አዩ። ባላቸውን ጠሯቸው።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከተነሳሁ ወዲህ እዚህ አልጋ ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ?»

ሐጂ ዶሮይቱን እሽ ሊሉ እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት።

«አራት ወር የተሸከመኝን አልጋ በቆምኩ ማግስት ወደ ደጅ አወጡት። ሲያወጡት ፊትዎን አዙረው ነበር፤ አይቼዎታለሁ። እርስዎ የሸሹትን ሰው እንዴት ብሎ ይቅረበው?»

እነዚያን ቃላት ሐጂ ሲሰሙ ጆሯቸው ጋለ። እውነት ነበር። አልጋውን ባዩት ቁጥር የዚያን ሰሞን ፍርሃት ትዝ ይላቸው ነበር፤ ከቤታቸው እንዲወጣ ፈልገዋል። ለአላህ የሰጡት ከዓይናቸው እንዲርቅላቸው የሚሹትን ነገር ነው ማለት ነው። ደግሞስ የከተማው አንደኛ ቆዳ ነጋዴ የረገበ ጠፍር ሲሰጥ አያፍርም? የጠፍሩን መርገብ በአደባባይ ተናገሩ እንጂ ጠፍሩን አላጠበቁም። ዐይብን መናገር ግዴታ ነው፤ ማስተካከል እየቻሉ ተናግሮ መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

የዚያኑ ቀን ዶሮይቱን አባረሩ። ለበቅሏቸው ዕቃ ብለው ያስቀመጡትን፣ ከመጋዘኑ ሁሉ የሚበልጠውን የበሬ ቆዳ አወጡ። በእጃቸው ጠፍር ቀደዱ፣ ነከሩ፣ እርጥቡን እየጎተቱ ጠለፉት። የተሰነጠቀውን እግር በአዲስ ወይራ ለወጡት። ጠፍሩ ደርቆ ሲጠብቅ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮህ ጀመር። ከዚያም የራሳቸውን ደህና አልጋ ወደ እንግዳ ክፍል አውጥተው እሱን በቦታው ተከሉትና ተኙበት። ሳልሞክረው ለሰው አልሰጥም ብለው ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም።

ግን ሰው ነንና አልጋው ተስማማቸው። ሃያ ዓመት ያሠቃያቸው የወገብ ሕመም ቀለል አለ። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ጋደም ማለት ለመዱ። ገበያ ተቀምጠው ቆዳ እያገላበጡ አልጋቸውን ያስባሉ። እንዲህ አርባ ቀን አለፈ።

ሉባባ እመት ዘይነባ ያዘዙትን ሰሌን ይዛ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። በተከፈተው በር ሐጂ እያንኮራፉ ተኝተው አየች።

«ይህ ያ አልጋ አይደለም?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሱ ነው።»

«ሐጂ ራሳቸው ይተኙበታል?»

«ኧረ ከእኔ አብልጠውት የለም እንዴ» አሉ እመት ዘይነባ እየሳቁ።

ሐጂ በሳቁ ነቁ። ሉባባ ሰሌኗን መሬት አስቀምጣ ቀረበች። «ሐጂ፣ ያኔ እምቢ ያልኩት አጥፍቼ ነው። እማ ጦይባ ከመሬት መነሳት አቅቷቸው ትናንት ፈጅር አመለጣቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱ ዋሉ። አልጋው አሁንም የሚሰጥ ከሆነ እወስዳለሁ።»

ይህን ቃል ለመስማት ሐጂ ስንት ጁሙዓ ጠብቀዋል። ከአፋቸው የወጣው ግን «ነገ ነይ» የሚል ሆነ።

ለዐስር፣ ለተሲያቱ ሶላት ሄዱ። ሰልፍ ውስጥ ቆመው ልባቸው ሌላ ቦታ ነው። የእንግዳ ክፍሉ አልጋ ቅርጽ ያለው፣ የሚበልጥ ነው፤ እሱን ብሰጣትስ? የቃዲው ቃል ትዝ አላቸው። ምናልባት ነገ ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል አሉ፤ እንዲያ እንድትሆንም መመኘታቸውን ያወቁት ከተመኙ በኋላ ነው። ሶላቱን በሰላምታ ካበቁ በኋላ ከቦታቸው ሳይነሱ ቀሩ። «ሱብሃነላህ» አሉ ለራሳቸው፤ «ወሳጅ ጠፋ ብዬ ስጨነቅ ከርሜ፣ ዛሬ ወሳጅ መጣ ብዬ አዘንኩ?»

ነገን አልጠበቁም። ቤታቸው ገብተው ምንጣፋቸውን ከአልጋው ላይ አነሱና ኑርዬን በመንገድ ሲያልፍ ጠርተው የአልጋውን ሌላኛ ጫፍ አስያዙት። በገበያው መሀል፣ ሰው እያየ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ አልጋ ተሸክመው አለፉ። በዚያ ቀን የቀለደ አልነበረም።

እማ ጦይባ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐጂ አልጋውን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ዐይቡን መናገር ጀመሩ። «እማ ጦይባ፣ ሳይደበቅ፤ ዘይነባ ታማ አራት ወር የተኛችበት ነው።» ሉባባ በዓይኗ ዝም እንዲሉ ብትለምናቸውም አልተቀበሏትም።

አሮጊቷ አሰብ አደረጉ። «ዘይነባ ማለት ባለፈው ጎመን ይዛልኝ የመጣችው አይደለችም?»

«ነች።»

«እንግዲያ የዳነችበት አልጋ ነዋ።»

ሐጂ ይህን በዚህ በኩል አስበውት አያውቁም ነበር። «ያዳናት አላህ ነው» አሉ። «አልጋው እንጨትና ቆዳ ነው።»

«እሱማ ነው። እንጨቱንስ ቆዳውንስ ማን ፈጠረው?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ደግፈው አስቀመጧቸው። እግራቸው መሬት ነካ። ትንሽ ቆዩና ሁለት መዳፋቸውን በአልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፈው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ብቻቸውን ተነሱ። ሉባባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እማ ጦይባ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ደግመው ተነሱ፤ «አልሃምዱሊላህ» አሉ። ሐጂም ከወራት በፊት አንገታቸው ላይ የወጣው ሸክም ያን ጊዜ ወረደላቸው። አለቀሱ፤ እንደ ልጅም ሳቁ።

ሲመለሱ ኑርዬ መቻል አቃተው። «ሐጂ፣ ያኔም አሮጌ ነበር፣ ያኔም ነፃ ነበር። ዛሬም አሮጌና ነፃ ነው። ምን ተለወጠ?»

ሐጂ ወገባቸውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው እየሄዱ መለሱለት፦ «ያኔ ማንም አልከፈለበትም ነበር። ተቀባይ የማይከፍል ከሆነ፣ ሰጪ ይክፈል።»

ወገኖቼ፣ ሰው በነፃ ያገኘውን አሮጌ ነገር ይንቃል የሚለው የኑርዬ ንግግር ሐሰት አይደለም፤ እናንተም እኔም አይተነዋል። ግን ንቀቱ ከማን እንደሚጀምር ልብ አንለውም። ተቀባዩ ዕቃውን ከማየቱ በፊት ሰጪውን ያያል፤ እንዴት እንደያዘው፣ ሲሰጠው ምን እንደቀረበት ያያል። ድሃ ይህን ለማንበብ ፊደል አያስፈልገውም። ሐጂ ጀውሃርን ያተረፋቸው እውነተኛነታቸው ነው፤ ግን እውነተኛነቱ መጀመሪያ ወደ ራሳቸው መዞር ነበረበት።

ይህን ታሪክ ባለፈው ረመዳን ዋዜማ መስጊድ ውስጥ ተናግሬ፣ ሰዉ አመስግኖኝ፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በሩ ሥር ለሚስኪን ብዬ ያዘጋጀሁት ከረጢት ነበር። ፈታሁት። ዚፑ የተበላሸ ሱሪ፣ አንገቱ የተበላ ሸሚዝ፣ አንድ እግር ካልሲ። ሱሪውን ወደ ሰፊ ወሰድኩት፤ ሸሚዙን ጨርቅ አደረግሁት። ካልሲውን ግን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሰደቃ ከድሃው እጅ በፊት አላህ ዘንድ ትደርሳለች እያልኩ ስንት ዓመት ሰብኬ፣ ያንን አንድ እግር ካልሲ ለማን ልልክ እንደነበር አንድ ጊዜም አላሰብኩም።