የደብሪቱ መደብ

፦ ተረት ተረት።
፦ የመሠረት።
፦ ጆሮው የቀና፣ ልቡ የጸና፣ ጠጋ ይበልና ይስማኝ።

በድሮ ዘመን፣ ጉም አምባ በሚባል ደጋ፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢሻው ይባላል። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የጉም አምባ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ሲነሡ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃል። ደብሪቱ ግን ጓሮ ታውቅበታለች። ጎመኗ የዝሆን ጆሮ ያህላል። ነጭ ሽንኩርቷ ጎረቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። ሠርግ ያለበትም ሐዘን ያለበትም ከደጇ ይመጣና ዘንቢሉን ሞልቶ ይሄዳል።

ከዚያም ቢሻውን ሳል ያዘው። አንድ ክረምት ሳለ፣ ሁለት ክረምት ሳለ፣ በሦስተኛው ደም ቀላቅሎ ተፋ። መድኃኒት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ደረቱን አዳመጡና ይህን ሳል የወለደው ብርድ ነው፣ አንድ ክረምት እዚህ ከደገመ አይነሣም፣ ቆላ ይውረድ አሉ። ደብሪቱ ክው አለች። የተወለደችበት ቤት ጉም አምባ ነው፣ ጓሮዋ እዚያ ነው፣ እናትና አባቷ ያረፉት እዚያ ነው። ግን ምን ታድርግ? ባሏን ወደደችና አገሯን ተወች። ዘሯን በጨርቅ ቋጠረች፣ ዕቃዋን በአህያ ጫነች፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቁልቁል ወረዱ።

ደረቅ ወንዝ ከሚባል ቆላ ደረሱ። የአገሩ ሰዎች ጎጆ የሚቀልሱበት ቦታ ሰጧቸው፣ ወተትም አጠጧቸው። ሰዎቹ ማሽላ ይዘራሉ፣ ፍየል ያረባሉ። ጎመን የሚባል ነገር ግን አያውቁም። ቅጠል የሚበላ ፍየል ነው ይላሉ። የቢሻውም ሳል በወሩ ለቀቀው።

ደብሪቱ እንደ አገሯ ጓሮዋን ቆፈረች፣ እንደ አገሯ ዘራች፣ እንደ አገሯ ፀሐይ ሞቅ ስትል ውሃ አጠጣች። ቡቃያው ብቅ አለና ደስ አላት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ወጥታ ብታየው፣ ሁሉም እንደተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። በእጇ ብትነካው ይፋጃል። እዚያው ቁጭ አለች። ፀሐይ እህል ስታደርስ ታውቃለች፤ ቅጠል ስትቀቅል ግን አይታ አታውቅም።

ታገሠችና ደመና ሲመጣ እንደገና ዘራች። ዝናቡ መጣ። የቆላ ዝናብ እንደ ደጋው አያካፋም፣ እንደተሰበረ እንስራ ነው የሚወርደው። መሬቱ ደግሞ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃውን ይዞ አልለቅም ይላል። ጓሮው ኩሬ ሆነ፣ ሥሩ በሰበሰ። ከመበስበስ የተረፈውን ደግሞ ውሃው ሲጎድል ምስጥ ገባበት። ደብሪቱ አንዱን ጎመን ይዛ ብትስበው፣ ውስጡ ባዶ፣ ልጣጩ ብቻ እጇ ላይ ቀረ። ከጨርቁ ውስጥ የቀረው ዘር አንድ ቁንጥር ነበር።

አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ፣ ጎርፍ ካስተኛው ሜዳ መካከል አንድ አሮጌ ኩይሳ አየች። ምስጡ ትቶት ሄዷል። በኩይሳው አናት ላይ ማንም ያልዘራው ቅል ለምልሞ፣ አበባ አውጥቶ ተንዘርፍፏል። በዙሪያው ያለው ሁሉ በስብሷል። ደብሪቱ እንስራዋን አወረደችና ኩይሳውን ዞረችው። እጇን አፈሩ ውስጥ ከተተች። ርሷል እንጂ ውሃ አልቋጠረም። ያኔ ነገሩ ገባት። ለካ እዚህ አገር አፈሩን ከፍ አድርጎ ነው መዝራት።

ይህን ለቢሻው ነገረችው። እሱም፣ ከፍ ያለ የአፈር መደብ አንቺ ሥሪ፣ እኔ ጉም አምባ ከእህቴ ዘንድ ሄጄ ዘር አመጣለሁ፣ በዐሥራ አምስት ቀን እመለሳለሁ አላት። እሷ ብርዱን ፈርታ ነበር፤ ግን ዘሩን ፈለገችውና ስንቁን ቋጠረችለት። ቢሻው ሐሩሩ እንዳያገኘው ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ሲሄድ ያየው ሰው አልነበረም። ይህን ያዙልኝ፣ ልጆቼ።

ደብሪቱ ሥራዋን ጀመረች። መደቡን በሰው ቁመት ለካች። እጅ ከወዲህም ከወዲያም ሲዘረጋ መሐሉን እንዲነካ ወርዱን ጠባብ አደረገችው። ርዝመቱን ፀሐይ ከምትወጣበት ወደምትገባበት አስተኛችው። ዙሪያውን እስከ ጉልበቷ ድንጋይ ደረደረች። ውሃው እንዲወርድ ከሥር ጠጠርና ከየሜዳው የለቀመችውን የከብት አጥንት አነጠፈች። ለምስጡ አመድ ነሰነሰች። ከላይ የወንዝ ደለልና የፍየል ፍግ ቀላቅላ ከመረች። ያችን አንድ ቁንጥር ዘር ዘራችበት፣ ሣር አለበሰችው፣ ፍየል እንዳይወጣበትም እሾህ ጣለችበት። ቆም ብላ አየችውና አማረላት። ምን እንደሚመስል ግን አልታያትም።

በአምስተኛው ቀን ጎረቤቷ እትዬ ትርንጎ እሳት ልትጭር ገል ይዛ መጣች። ወደ ጓሮ ዞር ብትል የሰው ቁመት የሚያህል የአፈር ክምር አየች። ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ እሾህ ተጥሎበታል፣ ወደ ምሥራቅ ተኝቷል። ገሉ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ባልሽ የት አለ ብላ ጠየቀቻት። ደብሪቱ እጇ አፈር ለብሶ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች፣

፦ ሄዷል፣ አለቻት።

እትዬ ትርንጎ እሳቱንም ሳትጭር ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብሪቱ ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሡ ጀመር። ደህና አደራችሁ ስትል የሚመልስላት ጠፋ። ምን አጠፋሁ እያለች ተጨነቀች። ቡቃያው ግን ከሣሩ ሥር ብቅ ብቅ አለና እሱን እያየች ተጽናናች። ዐሥራ አምስቱ ቀን ሞላ፣ ቢሻው አልመጣም። ዐሥራ ስምንት ሆነ፣ አልመጣም። በየቀኑ መንገድ ዳር ወጥታ ዐይኗ እስኪፈዝ ወደ ደጋው ታያለች።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ከጎጆዋ ብትወጣ መንደሩ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። እትዬ ትርንጎ ደረቷን ትደቃለች። ከፊት የመንደሩ ሽማግሌ አባ ዳምጤ አሉ፣ ከኋላ ወንዶቹ ዶማ ይዘዋል። ደብሪቱ ይህን ስታይ ሌላ ነገር አላሰበችም። የባሌ መርዶ ነው አለች። መሬት ላይ ተዘረረች። ፀጉሯን እየነጨች፣ እየተንከባለለች አለቀሰች።

፦ እኔ ነኝ የገደልኩህ ቢሻውዬ፤ ለአንድ እፍኝ ዘር ብዬ እኔው ነኝ የገደልኩህ።

ልቅሶው ሁሉ በአንዴ ቀጥ አለ። እትዬ ትርንጎ እንኳን እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ሰው ሁሉ ጠርጥሮ ነበር እንጂ ከራሷ አፍ እሰማለሁ ያለ አልነበረም። አባ ዳምጤ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ሕዝቡ ዞሩና ሰምታችኋል አሉ። ደብሪቱ ከመሬት ቀና ብላ፣

፦ አባ ዳምጤ፣ ሬሳውን የት አገኙት? አለች።

፦ የት እንዳለማ አንቺ ታውቂያለሽ ልጄ። ልናወጣው ነው የመጣነው።

በበትራቸው ወደ ጓሮ አመለከቱ። ደብሪቱ ዞር ብላ መደቧን አየች። ድንጋዩን፣ ርዝመቱን፣ እሾሁን፣ የተኛበትን አቅጣጫ፣ ሁሉን በእነሱ ዐይን አየችው። በቀጭን ድምፅ፣

፦ ጎመን ነው፣ አለች። ጎመን ነው የዘራሁበት።

ማን ይመናት? ጎመንን የሚያውቅ የለም። ቢሻው ዘር ሊያመጣ ደጋ ወጥቷል ብላ ነገረቻቸው። ሲወጣ ያየው ማነው ቢባል፣ አንድም ሰው አልተገኘም።

ወንዶቹ እሾሁን አነሡ፣ ሣሩን ገፈፉ፣ በዶማ ገቡበት። ያ አምስት ቀን የለፋችበት፣ ያ የመጨረሻ ዘሯ የበቀለበት አፈር በየአቅጣጫው ተበተነ። ቡቃያው በእግር ተረገጠ። ደብሪቱ ሁለት ሴቶች ይዘዋት ታያለች። ጉልበት ያህል እንደቆፈሩ ዶማው ቀጭ አለ። የሚቆፍረው ሰው ዝቅ አለና ረጅም አጥንት ይዞ ቀና አለ። ሴቶቹ እሪ አሉ። አንዱ ጎልማሳ ወደ ደብሪቱ ዶማውን አነሣ። አባ ዳምጤ በበትራቸው መለሱት።

፦ ቁም። ጨርሰህ አውጣ።

ሌላው ጎንበስ ብሎ ከጠጠሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ጎትቶ አወጣ። የራስ ቅል ነው። አባ ዳምጤ ተቀበሉት፣ አፈሩን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ወዲያ ወዲህ አገላበጡት። ከዚያም ለሕዝቡ ከፍ አድርገው አሳዩ።

፦ ቢሻው ቀንድ ነበረው እንዴ? አሉ።

የበሬ ራስ ነበር። የሣቀ ግን የለም። ሰው ሁሉ ያንን ጉድጓድ እያየ ደርቆ ቀረ። ከሥሩ ጠጠር ብቻ ነው፤ ሬሳ የለም። ይሁን እንጂ ባልየውም የለም። ስለዚህ ባልዋ እስኪታይ ወይም ሬሳው እስኪገኝ ከግቢ አትውጣ ተባለ። ጠባቂዋ እትዬ ትርንጎ ሆነች። ደብሪቱ የተረገጡትን ቡቃያዎች አንድ በአንድ ለቅማ በመዳፏ ይዛ ገባች።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አህያ የሚነዳ ሰው ከመንገዱ ብቅ አለ። ከስቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። እትዬ ትርንጎ አየችው። አማተበችና ከአጥሩ ኋላ ተደበቀች። ቢሻው ነው። የተቆፈረውን ጓሮ አይቶ፣ የበሬውን ራስ አይቶ፣ ምን መጣ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ደብሪቱ ወጥታ አየችው። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ምሰሶውን ይዛ ቀረች።

አባ ዳምጤ ተጠርተው መጡ። የቢሻውን እጅ ያዙና ሙቀቱን እስኪሰማቸው ድረስ አልለቀቁም። ከዚያም ወደ ሰዉ ዞረው፣ የበተነ ይሰብስብ፣ የናደ ይደርድር ብለው ፈረዱ። ወንዶቹ ድንጋዩን መለሱ፣ ሴቶቹ ደለሉን በቅርጫት አመላለሱ። እትዬ ትርንጎ ይቅርታ ለመለመን ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ፣ አንገቷን ደፍታ መጣች። ደብሪቱ ድንጋዩን አወረደችላት። አንድ ጊዜ አየቻትና መደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ከላይም ለጥላ የሣር ዳስ ጣሉበት። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ሲሰማ፣ አመዱ ለምን እንደሆነ፣ መደቡ ጠዋትና ማታ ብቻ ለምን ውሃ እንደሚጠጣ፣ መንደሩ ሁሉ እዚያው ተማረ።

ሰዎቹ ሲበታተኑ ቢሻውና ደብሪቱ ብቻ ቀሩ። ለምን ቆየህ ብላ ጠየቀችው። እሱም ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ ነገራት። ጉም አምባ ሲደርስ ጉሙ ፊቱን ሲነካው አለቀሰ። ከእህቱ እሳት ዳር ተቀመጠ፣ ሳያልበው ተኛ። ነገ እሄዳለሁ እያለ ቀን ቆጠረ።

፦ ልቀር ነበር ደብሪቱ። ዕውነቱን ልንገርሽ፣ ሳሉ ባይመለስብኝ ኖሮ አልመጣም ነበር።

ደብሪቱ ያን ሁሉ ቀን ያልደነገጠችውን ያህል ደነገጠች። የመንደሩ ዶማ እንዲህ ዘልቆ አልገባም ነበር። አገሯን የተወችው ለማን ሆነና? ከዚያም፣

፦ እኔ ለአንተ አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ አለችው። በሰው ፊት መሬት ላይ ተንከባልዬ አልቅሻለሁ። ከእንግዲህ ብትሄድም ብትሞትም እንባ የለኝም። ከቆየህ ግን ሥራ አለ። ዘሩን አምጣ።

ቢሻው ስልቻውን ፈታ። እሷ ዘሩን በጣቷ እየቆነጠረች ከፊት ሄደች፣ እሱ አፈሩን እያለበሰ ከኋላ ተከተላት። ፀሐይ እስክትገባ እንዲህ ዘሩ። ጎመኑም በቀለና በሁለት ወሩ ደረሰ። ደብሪቱ ባሏን በስሙ የጠራችው ግን በዓመቱ ነው ይባላል።

ተረቴን መልሱ፣
ጉሮሮዬን በእርጎ አርሱ።