ከሁሉ በታች የቀረው የፍለጋ ገጽ

ተረት ነው ያለ ተረት ይበለው፣ ወሬ ነው ያለም ወሬ፤ ጆሮ ያለው ግን ጠጋ ይበል። ዋንዛ በር በምትባል ከተማ ማለፊያ የምትባል ሴት ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ገጽ ከታች ወደ ላይ እንዲወጣላት ብቻ።

ገጹ የአባቷ ፎቶ ያለበት ነው። የአቶ ደርበውን ሐሳብ እርጅና በትኖታል። የበሉትን ይረሳሉ፣ የልጃቸውን ስም ይረሳሉ፤ እግራቸው ግን መሄድ አልረሳም። የዚያን ዕለት ጠዋት ማለፊያ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ በሩን ከፍተው ወጡ። ጎረቤቱ ወንዝ ለወንዝ ተሰማራ፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ታየ፤ የሉም። ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ እየመታቸው ውጭ ካደሩ እንደማይነጋላቸው ማለፊያ ታውቃለች፤ ፈራች፣ በጣም ፈራች። ስልኳን አወጣችና በከተማው ተወላጆች ድረ ገጽ ላይ ፎቷቸውን ለጥፋ፣ «አባቴን ያያችሁ ንገሩኝ» ብላ ከስልክ ቁጥሯ ጋር ጽፋ፣ «አትም» የሚለውን ነካች። ገጹ ታተመ፤ የተቀመጠው ግን ከሁሉ በታች ነው።

ይህ ድረ ገጽ ብሎግ ነው፤ አባል የሆነ ሁሉ ይጽፍበታል። ገጾቹ የተደረደሩት ግን እንደ ድግስ ቤት ነው፤ ታላቅ ከላይ፣ ታናሽ ከታች። እያንዳንዱ ገጽ ጠባቂ አለው፤ የይለፍ ቃሉም በጠባቂው እጅ ብቻ ነው። የታችኛው ገጽ ወደ ላይ የሚወጣው ከበላዩ ያሉት ሲነሱለት፣ ማለትም ጠባቂዎቻቸው ወደ ረቂቅ ሲመልሷቸው ነው። የዋንዛ በር ሰው ደግሞ ስልኩን ከፍቶ የሚያየው ከላይ ያለውን ነው። እስከ ታች የሚወርድ ትዕግሥት ቢኖረውማ ስንት ነገር በተማረ ነበር።

ከፍለጋው ገጽ በላይ የሠርግ ገጽ ተቀምጧል። ጠባቂው ፎቶ አንሺው ታድሎ ነው። ማለፊያ ሱቁ ድረስ ሄደች።

«ታድሎ ወንድሜ፣ ገጽህን ለዛሬ ብቻ አንሳልኝ። አባቴ ጠፍቶብኛል።»

ታድሎ አንገቱን ደፋ። «እኔማ ደስ ባለኝ፣ ማልፌ። ግን ከበላዬ እድር አለ። እድር ተቀምጦ ሠርግ ቢነሳ ስድ አይሉኝም?»

እድር ካልተነሳ ሠርግ አይነሳም፤ ሠርግ ካልተነሳ ፍለጋ አይወጣም፤ ፍለጋ ካልወጣ አባት አይገኝም። ማለፊያ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ እድሩ ጸሐፊ ወደ እትዬ አበዛሽ ሮጠች።

እትዬ አበዛሽ ገና ስታያት እንባዋ መጣ። «እኔን፣ ልጄ። ደርበው እኮ በሠርጌ ቀን የጨፈረ ሰው ነው።»

«እንግዲያው የእድሩን ገጽ አንሺልኝ፣ እትዬ።»

«ከበላዬ እኮ ገበያ አለ። ገበያው ተቀምጦ እድር ቢነሳ፣ ሟርት ነው ይሉኛል። ሰው የጠፋ ቀን ደግሞ ሟርት ደስ አይልም።»

ገበያ ካልተነሳ እድር አይነሳም፤ እድር ካልተነሳ ሠርግ አይነሳም፤ ሠርግ ካልተነሳ ፍለጋ አይወጣም፤ ፍለጋ ካልወጣ አባት አይገኝም። የመጀመሪያው ጠብታ ማለፊያ ግንባር ላይ አረፈ።

የገበያ ዋጋ ገጽ ጠባቂ ጋሽ ሙሔ እህል በረንዳ ላይ ጆንያ ያስነሳል። ማሽላው እንዳይረጥብ ተጨንቋል። ማለፊያ እያለከለከች ነገረችው፤ እሱም ከልቡ ሰማት።

«አይዞሽ፣ ይገኛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

እንቁላሉስ ይሂድ፤ የቸገረው የአባቷ እግር ነበር። «ጋሽ ሙሔ፣ ሰው ሁሉ በገበያ ቀን የሚከፍተው ያንተን ገጽ ነው። አንተ ብትነሳ ያዩታል» አለችው።

«እነሳ ነበር፣ በአላህ። ግን ከበላዬ ታሪክ ተቀምጧል። ታሪክን ቀድሜ ብነሳ፣ ነጋዴ ክብር አያውቅም ይሉኛል። ያችን ስም ደግሞ ስንት ዓመት ሸሸኋት። መምህሩ ይነሳ፤ ያኔ እኔ አንዲት ደቂቃ አልቆይም።»

ታሪክ ካልተነሳ ገበያ አይነሳም፤ ገበያ ካልተነሳ እድር አይነሳም፤ እድር ካልተነሳ ሠርግ አይነሳም፤ ሠርግ ካልተነሳ ፍለጋ አይወጣም፤ ፍለጋ ካልወጣ አባት አይገኝም። ዝናቡ አሁን የምሩን ነው። መንገዱ ላይ ማለፊያ አንድ ሽማግሌ ከኋላ አይታ ሮጣ ትከሻቸውን ያዘች፤ ዞር ሲሉ ሌላ ሰው ናቸው። ይቅርታ እንኳ ሳትጠይቅ ሩጫዋን ቀጠለች።

የከተማውን ታሪክ ገጽ የሚጠብቁት ጡረተኛው መምህር ጌጡ ናቸው። በር ላይ ቆማ ውሃ ስታንጠባጥብ ባዩ ጊዜ ወንበር ሳቡላት፤ አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ እርስዎ ቢነሱ ገበያ ይነሳል። ገበያው ከተነሳ ሁሉም ይነሳል።»

«ልጄ፣ ከእኔ በላይ የከተማችን መሥራቾች ገጽ አለ። እዚያ ላይ የቀረው የታላቁ መሥራች ስም ብቻ ነው። እሱ ሳይነሳ እኔ እንዴት እነሳለሁ?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ የማን ገጽ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የይለፍ ቃሉን የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

ታውቃለች። የፍለጋውን ገጽ ካተመች ወዲህ የሸሸችው ይህንኑ ነው። ታላቁ መሥራች አባቷ ናቸው። በዋንዛ በር ልማድ ደግሞ ከመሥራቾች ገጽ ላይ ሰው የሚነሳው ሲሞት ነው፤ ሌሎቹ መሥራቾች አንድ በአንድ የተነሱት በቀብራቸው ማግስት ነበር። ያንን ገጽ ማንሳት አባቷን በገዛ እጇ መቅበር መሰላት። ስለዚህ ከታች ጀመረች፤ አንዱ ሕግ ጥሶ ቢነሳላት ያቺን ገጽ ሳትነካ ትድን ነበር። ማንም አልጣሰላትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀት በሌለበት ድረ ገጽም ያው ሆነ።

ታላቅ ካልተነሳ ታሪክ አይነሳም፤ ታሪክ ካልተነሳ ገበያ አይነሳም፤ ገበያ ካልተነሳ እድር አይነሳም፤ እድር ካልተነሳ ሠርግ አይነሳም፤ ሠርግ ካልተነሳ ፍለጋ አይወጣም፤ ፍለጋ ካልወጣ አባት አይገኝም። አባት ካልተገኘ ደግሞ ታላቁን ማን ያስነሳው? ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷው ደጃፍ ላይ ቆመ።

ማለፊያ ውጭውን አየች። የጣራው ፍሳሽ አጥሩን አልፎ መንገዱን ወንዝ አድርጎታል።

«መምህር» አለች፤ «የምናከብረው ሰውየውን ነው ወይስ ወንበሩን? ወንበሩ እንደሆነ ዝናብ አይመታውም።»

መልሱን አልጠበቀችም። ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና የመሥራቾችን ገጽ ከፈተች። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለችና «ወደ ረቂቅ መልስ» የሚለውን ነካች።

ስልኩ፣ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት።

«አይደለሁም» አለችው። «አዎ» የሚለውን ነካች።

ታላቁ ተነሳ። መምህር ጌጡ ይህን ባዩ ጊዜ የራሳቸውን ስልክ አወጡ፤ ታሪክ ተነሳ። ለጋሽ ሙሔ ደወሉለት፤ ገበያ ተነሳ። ሙሔ ለአበዛሽ ደወለ፤ እድር ተነሳ። አበዛሽ ለታድሎ ደወለች፤ ሠርግ ተነሳ። ሠርግ ሲነሳ ፍለጋ ወጣ። በዋንዛ በር ድረ ገጽ ላይ የአቶ ደርበው ፊት ብቻውን ቀረ።

በዚያች ሰዓት የመጨረሻው አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ እጁን ዘርግቷል። አንድ የማሽላ ነጋዴ የዕለቱን ዋጋ ሊያይ ስልኩን ቢከፍት፣ ዋጋ የለም፤ የሽማግሌ ፊት አለ። ገጹ ተበላሽቷል ብሎ ደግሞ ከፈተ፤ ያው ፊት ነው። ተናድዶ ጎኑ ላለው ተሳፋሪ ሊያማርር ዞረ። ጎኑ፣ መስኮቱ ሥር፣ ያው ፊት ተቀምጧል።

«ረዳት» አለ ነጋዴው። «ሹፌሩን አቁም በለው።»

ነጋዴው ደውሎላት ማለፊያ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠች ስትደርስ አውቶቡሱ ቆሟል። አባቷ የሰው ጋቢ ለብሰው፣ የነጋዴውን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፎቶውን ትክ ብለው ያያሉ። ፊታቸው አዝኗል። ቀና አሉና ሴቲቱን አዩዋት፤ ማን እንደሆነች አላወቁም።

«የኔ እመቤት» አሏት፤ «ይህ ሽማግሌ ጠፋ አሉ። ልጁ አሳዘነችኝ። ተገኘላት ይሆን?»

ማለፊያ እግራቸው ሥር ተንበረከከችና እጃቸውን ያዘች።

«ተገኘላት፣ አባዬ» አለች። «አሁን ተገኘላት።»