እጁ የሞላው መረብ

ወንዝን ውሃ ለምናችሁ ታውቃላችሁ? ለዚያውም በልጅነት የዋኛችሁበትን ወንዝ?

አስካለ ለመነች። ብዙ አገር አይታ፣ ብዙ መጽሐፍ አንብባ፣ በማንም ሳትደሰት አርጅታ ተመለሰች። ከአውቶቡስ እንደ ወረደች በቀጥታ ወንዙ ዳር ሄዳ፣ "አንድ ጣሳ ውሃ ስጠኝ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል" አለችው።

"እንዲህ አረንጓዴ ሆኜ? ክሮም የሚሉት የቆዳ ፋብሪካው መርዝ ውስጤ ተቀምጧል። እሱ ካልወጣ አልጠራም።"

"አያ ክሮም፣ ውጣ! አንተ ካልወጣህ ወንዙ አይጠራም፣ ወንዙ ካልጠራ እኔ አልጠጣም!"

ክሮም ሳቀ። "ማን ይዞኝ? መረቡ ካልያዘኝ አልወጣም።"

ወንዙ ላይ የተዘረጋው መረብ ፖሊመር ከሚባል ላስቲክ መሰል ነገር የተሠራ ነው፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ ክሮሙን ብቻ መርጦ ይይዛል። ጠባቂው ታናሽ ወንድሟ ገረመው ነው። አስካለ ወደዚያ ተንደረደረች።

"አያ መረብ፣ ያዘው! አንተ ካልያዝኸው ክሮም አይወጣም፣ ክሮም ካልወጣ ወንዙ አይጠራም፣ ወንዙ ካልጠራ እኔ አልጠጣም!"

"እጄ ሙሉ ነው" አለ መረቡ። "የአምናውን ክሮም ሳልለቅ የዘንድሮውን አልይዝም።"

"ውሸታም!" አለ ገረመው። "እታለም፣ አትስሚው፤ በየሳምንቱ በሳሙና እያሸሁ እንደ ነጠላ አነጣዋለሁ።"

"ክሮም የአንገትጌ እድፍ መሰለህ?" አለ መረቡ። "በኮምጣጣ ነገር ካልታጠብሁ አልለቅም።"

"ገረመው! ይህን ሁሉ ዘመን በሳሙና?"

"አረፋው ደስ ይላል፣ እታለም።"

አስካለ ገረመውን አስከትላ ዳገቱ ላይ ወደ ቆመችው የሎሚ ዛፍ ሮጠች።

"እመት ሎሚ፣ ተጨመቂ! አንቺ ካልተጨመቅሽ መረቡ አይለቅም፣ መረቡ ካልለቀቀ አይይዝም፣ መረቡ ካልያዘ ክሮም አይወጣም፣ ክሮም ካልወጣ ወንዙ አይጠራም፣ ወንዙ ካልጠራ እኔ አልጠጣም!"

"ፍሬዬ ደርቋል" አለች ሎሚ። "እኔም ካልጠጣሁ አልጨመቅም።"

አስካለ ቦርሳዋን ከፈተች። ወንዜን ሳልቀምስ አልነካውም ብላ የማለችበት አንድ ጠርሙስ ውሃ ነበራት።

"ኧረ ጠጪው!" ጮኸ ገረመው።

"ዝም በል!" እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ሥሯ ላይ ደፋችው።

ያን ጊዜ! ሎሚ ጠጣች፣ ፍሬዋ ሞላ፣ ገረመው ጨመቀ፣ መረቡ ታጠበ፣ የአምናው ክሮም ማሰሮ ውስጥ ተንጠባጠበ፣ መረቡ የዘንድሮውን ያዘ፣ ክሮም ወጣ፣ ወንዙ ጠራ፣ ጠጠሩ ታየ! አስካለም ጣሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች፤ ደገመች።

"አስጠማሁሽ፣ ይቅር በይኝ" አለ ወንዙ። ክሮምም አለ፣ መረቡም አለ፣ ሎሚም አለች። ገረመው ከጠራው ወንዝ ድንጋይ አወጣና ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ እግሯ ሥር አጎነበሰ።

አስካለ አፏን በመዳፏ ጠረገች።

"ወንዙን ይቅር አልልም፣ ክሮምን አልልም፣ መረቡን አልልም፣ ሎሚን አልልም፣ አንተንም አልልም። ድንጋዩን አስቀምጥና ጣሳውን ሙላልኝ። ይቅር ግን ማንንም አልልም።"