አያ ተሰማ ሹክ ሲል

አፉ ያመለጠውን ሰው የምንገሥጽበት አንድ አባባል አለ። ሰው በሠርግ ቤት ወይም በገበያ መሃል የማይባለውን ተናግሮ ከንፈሩን ሲነክስ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ቶሎ ብሎ ይህን አባባል ይወረውርበታል። ዱላ አድርገውታል። እኔን ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ መጀመሪያ ሲነገር ዱላ አልነበረማ። እንዲያውም ሰው ያስቀመጡበት በርጩማ ነበር ብል ይቀርባል። አባባሉን አሁን አልናገረውም። መነሻውን ሳይሰሙ ጫፉን ብቻ መያዝ ነው እዚህ ያደረሰን።

አሞራ ገደል በሚባል ቆላ አያ ተሰማ የሚባል ገበሬ ነበር። መሬቱ ከገደሉ አፋፍ እስከ ወንዙ የእሱ ነው። ጧት ከደጁ ተነሥቶ ወሰኑን ለማየት የወጣ እንደሆነ ምሳውን እዚያው ይበላል። ታዲያ መሬት ብቻ ነበር እንጂ ሰው አልነበረም። ልጆቻቸው ተድረው ከወጡ ወዲህ፣ በዚያ አገር ከተሰማና ከሚስቱ ከእንጉዳይ ሌላ የሚናገር ቢኖር ዝንጀሮና የገደል ማሚቶ ነው።

እርሻው ዳር ሆኖ ሲርበው «እንጉዳ...ይ» ብሎ ይጣራል። ድምፁ ማሳውን አቋርጦ፣ ገደሉን መትቶ፣ ቤት ይገባል። እሷም በዚያው ልክ «ወ...ይ» ትለዋለች። እንዲህ ሲጠራሩ ኖረው ኖረው የእሱም ጉሮሮ የእሷም ጆሮ መሬቱን አከለ። እሱ ሹክ ሲል ለሌላ ሰው ጥሪ ነው። በእሷ ጆሮ ግን ሹክሹክታ ሆኖ ነበር የሚገባው። ተው የሚላቸው ሰው ስለሌለ ሁለቱም አላወቁትም።

አንድ ክረምት እንጉዳይ ታመመች። ተሰማ እርሻውን ትቶ አስታመማት። ሲሻላት፣ ተደግፋ በተቀመጠችበት አንድ ነገር አወጣች።

«አንተ ሰው፣ የፈራሁት ሞቱን መስሎሃል?»

«ታዲያ ምኑን ነው?»

«ባስነጥስ ካንተ በቀር ይማርሽ የሚለኝ የለም። አንተ እርሻ ከወረድክ እሱም የለም። ብሞት የሚያለቅስልኝ ዝንጀሮ ነው። እባክህ እርጅናዬን ሰው መሃል አድርግልኝ።»

ተሰማ መሬቱን ይወዳል። አባቱ ያቀኑት፣ እሱ ያሰፋው ነው። ነገር ግን እንጉዳይ ከተጋቡ ጀምሮ ለራሷ ብላ የለመነችው ይህን ብቻ ነበርና እምቢ የሚልበት አንጀት አጣ።

ደጋው ላይ፣ ሾላ በር በምትባል መንደር፣ ይርጋ የሚባል የብዙ ወንዶች አባት ነበር። መሬቱ ከመጥበቡ የተነሣ ልጆቹ በአንድ ትልም ይደባደባሉ። ሁለቱ ተገናኝተው ተለዋወጡ። ይርጋ አሞራ ገደልን ከነጎተራው ሊወስድ፣ ተሰማ የይርጋን ጎጆ፣ ጓሮና ቁራሽ ማሳ ሊይዝ። አገሩ ጉድ አለ። «ግመል ሰጥቶ ፍየል ወሰደ» ብለው ተሳሳቁበት።

ያስማሟቸው የደብሩ ሽማግሌ አለቃ ውቤ ነበሩ። «እስከ መስቀል ድረስ የተጸጸተ ይመለስ» አሉ። «ደግሞም በሾላ በር ደንብ ባዳ የሚገባው ጎረቤት ሲወድ ነው። መስቀል ሲደርስ ጎረቤትም ይጠየቃል።»

ተሰማ ጎተራውን ለይርጋ ተወለት፤ ድምፁን መተው ግን አላወቀበትም። በገቡ ማግሥት ጓሮ ሆኖ ውሃ ጠማውና እንደ ልማዱ «እንጉዳ...ይ» አለ። ከሦስት ቤት «አቤት» አሉት። አንዷማ ሰው የሞተ መስሏት መቀነቷን እያሰረች ወጣች። እንጉዳይ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ተሰማም ጥሩ አገር ነው ብሎ ገባ፤ ሲጠሩ የሚሰማበት አገር።

የዚያኑ ዕለት እንጉዳይ ቤቱን ስትጠርግ አቧራው አስነጠሳት። «ይማርሽ» አለ አጥሩ። ዘወር ብትል ማንም የለም። «ያኑርሽ» ብላ ለማታያት ሴት መለሰችና መጥረጊያዋን እንደያዘች እንባዋ መጣ።

ይማርሽ ያለቻት ማንጠግቦሽ የምትባል የአጥር ጎረቤቷ ነች። ወደ ማምሻው ገንቦ ጠላ አዝላ እንኳን ደህና መጣችሁ ልትል መጣች። ተቀምጠው ተጫወቱ። እንጉዳይና ማንጠግቦሽ የዘመናት ወሬ የተጠራቀመባቸው ይመስል አንዷ የሌላዋን አፍ እየነጠቀች አወሩ። ተሰማ ዋንጫውን ሲያገላብጥ ቆየ። ማንጠግቦሽ ተሰናብታ እንደወጣች ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ ሹክ አላት።

«ይቺ ጠላ ጌሾን የምታውቀው በስም ነው።»

ማንጠግቦሽ ገና ከአጥሩ አልወጣችም ነበር። ብትወጣም ትሰማው ነበር፤ ቤቷ ገብታ በሯን ብትዘጋም ትሰማው ነበር። ወንዝ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሰሙት የሚሉም አሉ። ይህን እንኳ እኔ አላምንም።

ከዚያ ወዲያ እግር ቀረ። እሳት የሚጭር፣ ወንፊት የሚዋስ የለም። እንጉዳይ ብታስነጥስ አጥሩ ዝም አለ። አንድ ቀን ሆን ብላ፣ አጥሩ ሥር ቆማ፣ ደጋግማ አስነጠሰች። ዶሮ ብቻ ቀና ብሎ አያት።

እርሻውም ሌላ ጣጣ አመጣ። ማሳው ጠባብ ነውና በሬዎቹ ገና ሄዱ ሲባል ወሰን ይደርሳሉ። ተሰማ «ተመለስ» ይላል። የእሱ በሬዎች ይመለሳሉ። በአጠገቡ የሚያርሰው የጓንጉል በሬዎችም ትልማቸውን መሃል ላይ ትተው ይመለሳሉ። ጓንጉል ትልሙ እባብ የሄደበት መስሎ ቀረና በየቀኑ ሲራገም ይውላል።

እንጉዳይ አላስችላት አለ። ማንጠግቦሽን ምንጭ ወርዳ ጠበቀቻት።

«ማንጠግቦሽ እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ምንም እትዬ። ጠላዬ ከጌሾ ጋር እስኪተዋወቅ እየጠበቅሁ ነው።»

እንጉዳይ ክው አለች። «ማን ነገረሽ?»

«ባልሽ ነዋ። እሱ ላንቺ ሹክ ሲልሽ ለእኛ እኮ አዋጅ ነው።»

ቤት ገብታ ነገረችው። ተሰማ መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ ከአሞራ ገደል ከመጡ ጀምሮ ሹክ ያላትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰና ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለ።

«ሄደህ ይቅርታ በላት» አለችው።

«በየትኛው ድምፄ?» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን ዘጋ። በሬዎቹን በምልክት ሊያርስ ሞከረ። ድምፁን የለመዱት በሬዎች ግን ማሳው መሃል ቆመው፣ አንገታቸውን አዙረው፣ ታመምክ ወይ በሚል ዓይን ያዩታል። ቤት ሲገባም አይናገርም። እንጉዳይ ከሰው መሃል ገብታ ጭራሽ የባሏንም ድምፅ አጣች። አሞራ ገደል እያለች ቢያንስ አንድ ሰው ነበራት።

መስቀል ደረሰ። ሽማግሎችና ጎረቤቶች በተሰማ ደጅ ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። ይርጋም ከቆላ መጥቷል። ልጆቹን ከማሳ ማሳ ሲጣራ ከርሞ ድምፁ ሰልሏል።

«አንተስ ተጸጸትህ?» አሉት አለቃ ውቤ።

«ኧረ የለም» አለ ይርጋ በእስትንፋሱ ብቻ። «ልጆቼ ካልተጣራሁ አይገናኙም፤ ካልተገናኙ አይጣሉም።»

«ጎረቤቶችስ?»

ጓንጉል ተነሣ። «አለቃ፣ ሰውዬው ክፉ አይደለም። ግን እኔ በሬዎቼን አላዛቸውም፤ እሱ ነው የሚያዛቸው።» ማንጠግቦሽ ደግሞ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «የእኔን ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለች። ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። አለቃ ውቤ ግን ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም ብለው ባለቤቶቹ እስኪወጡ ጠበቁ።

ተሰማና እንጉዳይ ውስጥ ነበሩ። ተሰማ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ በሩን ገጥሞ፣ ጎንበስ ብሎ በሕይወቱ እንደዚያ ዝቅ አድርጎ በማያውቀው ድምፅ «እንጉዳይ» አላት። ሾላው ሥር ያሉት ሁሉ ቀና አሉ።

«ቀስ ብዬ ነው የምነግርሽ፣ ማንም እንዳይሰማን። እነዚህ ሰዎች አይፈልጉንም። ጥፋቱ የእኔ አፍ ነው። አሁን ወጥቼ መሬቱ ጠቦኛል፣ ልመለስ እላለሁ። እሱን ትዕቢቱ አላስቀምጥ አለው ይበሉኝ፤ አንቺን ሰው የጠላት ሴት ከሚሉሽ።»

እንጉዳይ አፉን ልትይዘው እጇን አንሥታ ነበር። አንሥታ ግን መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ይህን ኋላ ራሷ ናት የተናገረችው፤ ለምን እንዳሳረፈችው ሲጠይቋት ትስቃለች።

«እውነት መሬቱ ጠቦሃል?» አለችው።

«መጥበቡስ ጠቦኛል። በሬ ሳዞር ጅራቱ የጓንጉል ማሳ ነው። ግን አሞራ ገደል ስጣራ የሚመልስልኝ የራሴው ድምፅ ነበር። እዚህ በመጣን ጊዜ ያቺ ሴት ይማርሽ ብላሽ ስታለቅሺ በበሩ አይቼሻለሁ። ያንን ሁሉ ዘመን ምን እንዳጣሽ ያን ቀን ገባኝ። ጠላዋንም የነቀፍኩት ቀንቼ ነው መሰለኝ፤ ከእኔ ጋር እንደዚያ አውርተሽ አታውቂም። ከቀረች ወዲህ ኮቴዋን ሳዳምጥ ነው የምውለው። የእሷ ጠላ ይቅጠን፣ የሚጠጣላት ሰው አላት። የእኛ ወፍራም ነበር፤ ማን ጠጣልን?»

ሾላው ሥር ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ጓንጉል የሚያይበት ቢያጣ በአፍንጫው የሚስበውን ሱረት አውጥቶ መዳፉ ላይ ያራግፍ ጀመር። አለቃ ውቤ ማንም እንዳይናገር የዝንብ ጭራቸውን ከፍ አደረጉ።

በሩ ተከፈተ። ተሰማ ደረቱን ነፍቶ ወጣ፤ እንጉዳይ ተከተለችው።

«ጎረቤቶቼ» አለ፣ አሁን በእውነተኛው ድምፁ። «መሬቱ ጠቦኛል። ሚስቴ ወዳችኋለች፤ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። ልመለስ ነው።»

ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያየዋል። ተሰማ ወይ ይሂድልን ይላሉ፣ ወይ ለወጉ ያህል ተው ይሉኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። ይህን ዝምታ አላወቀውም። በዚህ መሃል ነፋስ መጥቶ የጓንጉልን ሱረት ከመዳፉ አንሥቶ ወሰደውና እንጉዳይ አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አለች ማንጠግቦሽ።

«ይማርሽ» አለ ጓንጉል። ከዚያም አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ ሾላው ሥር ያለው ሁሉ፣ ድምፁ የሰለለው ይርጋ ሳይቀር፣ ይማርሽ አላት።

«ያኑራችሁ» አለች እንጉዳይ፤ ሌላ መናገር አልቻለችም።

«እናንተንም ያኑራችሁ፣ እዚሁ» አለች ማንጠግቦሽ። «ጌሾውን እጨምራለሁ።»

ተሰማ ግራ ገብቶት ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት አየ። «ኧረ እኔ እመለሳለሁ ነው ያልሁት» አለ።

አለቃ ውቤ ጓንጉል አጠገብ ያለውን ክፍት ቦታ በጭራቸው እያሳዩት፣ «ና ቁጭ በል፤ የተሰማ ምስጢር አይመለስም» አሉት።