«እርጉዟን ለይልን»

ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ቢሮዋ ተቀምጣ የተማሪ ፈተና ታርማለች። ሥራዋ ምንድን ነው? ኮምፒውተርን ማየት ማስተማር! ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው። ጥሩወርቅ ትባላለች፤ ፕሮፌሰር ናት። ዕድሜዋን የሰጠችው በስልክ ከተነሣ የዓይን ፎቶግራፍ ትራኮማን ለሚለይ ማሽን ነው። ስንት እናት በእሱ ከመታወር ተርፋለች!

የፋኩልቲው ዲን ዶክተር ልሳኑ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ይዞ ገባ።

«ፕሮፌሰር፣ በራችን ላይ ካሜራ ሰቅለናል» አላት እንግዳው። «ሴት ሠራተኞቻችን ሲገቡ ከአካሄዳቸው እርጉዟን እንዲለይልን ያስተምሩልን።»

«ለይታችሁ ምን ልታደርጉ? ልታሳክሟት?»

ሰውየው ሳቅ አለ። «ሆዷ ሳይገፋ እናሰናብታታለን እንጂ!»

ጥሩወርቅ ፊቷ ጋለ። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ሥራዬን እንዳላጣ ብላ ሆዷን በነጠላ ሸፍና ያስተማረችበት ወራት ትዝ አላት።

«አልሠራም!»

ዲኑ ተለማመጣት። «ኧረ እባክሽ! ላቦራቶሪሽን የሚደጉሙት እኮ እነሱ ናቸው። እንቢ ካልሽ ይዘጋል።»

«ይዘጋ!»

«የስንት ዘመን ልፋትሽስ?»

«የለፋሁት ሰው ላድንበት ነው፤ ሰው ላሳድድበት አይደለም። በሩ ያውላችሁ!»

ላቦራቶሪው ተዘጋ ወይስ አልተዘጋም? ተዘጋ! በሩ ታሸገ። ከኃላፊነቷ ተነሥታ የጀማሪዎች ክፍል ተሰጣት። ባልደረቦቿ መንገድ ላይ ሲያገኟት አንገታቸውን ደፉ። አለቀሰች? አዎ፣ ምርር ብላ አለቀሰች። ተጸጸተች? በፍጹም! ጠመኔዋን ይዛ አስተማረች፤ እንዳስተማረች ጡረታ ወጣች። ላቦራቶሪው አልተመለሰላትም።

ፋብሪካው ሌላ ባለሙያ አገኘ ወይ? አላውቅም፤ ምናልባት አግኝቷል። የጥሩወርቅ እጅ ግን የለበትም!

እናንተስ? እናንተ ኮምፒውተር አታስተምሩ ይሆናል። ግን በሐሰት መስክሩ አልተባላችሁም? የድሃ ጎጆ የሚያፈርስ ወረቀት ላይ ፈርሙ አልተባላችሁም? «እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራዋል» ትላላችሁ። ሌላው ስለ ራሱ ይመልሳል! እናንተ የምትጠየቁት ስለ ገዛ እጃችሁ ነው።

እግዚአብሔር የሰጣችሁን ዕውቀት ሰው መርገጫ ሊያደርገው የመጣ ማንም ይሁን ማን፣ እንቢ በሉት! በር ቢዘጋባችሁም እንቢ! ወንበር ብታጡም እንቢ!

እስቲ ዛሬ አሜን ከማለታችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ እንቢ በሉልኝ!