የአያ ጅቦ መንጋጋና ቀዩ ሪባን

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና እርጥብ እያለ፣ አያ ጅቦ አጥንት ፍለጋ ሲዞር እግሩ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አደረሰው። ከአጥሩ ሥር ቦይ ነበረ፤ እዚያ ውስጥ ተጋደመ። ቀበሮ ደግሞ ቀድማው መጥታ የአጥሩ ቁልቋል ውስጥ ተቀምጣለች። እሷ የመጣችው ለአጥንት አይደለም። ትምህርት ቤት አጥር ላይ የሚቀር ነገር አይጠፋም፤ የዚያን ቀን ያገኘችው አንዲት ተማሪ አጥር ስትዘል የጣለችው ቀይ የፀጉር ሪባን ነው። ጅራቷ ላይ ጠምጥማው ዞር ዞር እያለች ታየዋለች።

በመስኮቱ የመምህርት ትርንጎ ድምፅ ይሰማል።

«እሺ ልጆች፣ ሰውነታችን ውስጥ ከስድስት መቶ በላይ ጡንቻ አለ። ጠንካራው የቱ ይመስላችኋል?»

«የክንድ ነው ቲቸር» አለ አንዱ።

«የጭን ነው» አለች ሌላዋ።

«ለመቆምና ለመዝለል ከሆነ የጭንና የመቀመጫችን ነው። ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ለመሥራት ከሆነ ልብ ነው። ለመንከስ ግን ይሄንን የሚያክል የለም። ሁላችሁም ጉንጫችሁን ያዙ። ጥርሳችሁን ግጠሙ። እጃችሁ ሥር ጉብ ያለው እሱ ነው፤ የማኘክ ጡንቻ።»

እናንተም እስቲ ያዙት። ጠበቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። ጉብ አለ አይደል?

አያ ጅቦም ያዘ። ጥርሱን ሲገጥም ጉንጩ ላይ ድንጋይ የሚያህል ነገር ተነሳ። ደስታው ልክ አጣ። «ለካስ አንደኛ ነኝ» አለ ለራሱ።

ልክ በዚህ ሰዓት ዘበኛው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ደበደበው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አያ ጅቦ ዕድሜውን በሙሉ ቸርኬ ሲደወል ሰምቶ አያውቅም። ሰማይ የወደቀ መስሎት ቦዩን በአንድ ዝላይ ተሻግሮ ሸመጠጠ።

ቀበሮ ግን ደወሉን ለምዳዋለች። ለትንንሾቹ ልጆች ዕረፍት ነው የተደወለው፤ የመምህርት ትርንጎ ክፍል ገና አልወጣም።

«ቁጭ በሉ፣ አልጨረስኩም» አለች መምህርቷ። «አሁን ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዳችሁ አፋችሁን ግጠሙ፤ ጓደኛችሁ አገጫችሁን ከሥር በመዳፉ ደግፎ አጥብቆ ይያዝ። በሉ ክፈቱ።»

ክፍሉ በ«እምምም» ተሞላ። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ዓይኑ እስኪፈጥ ታገለ፤ የያዘችው ልጅ ግን በሌላኛው እጇ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

«አያችሁ? የሚዘጋው ጉልበተኛ ነው፤ የሚከፍተው ግን ደካማ።»

«ትንሹስ ቲቸር?»

«ትንሹ ጆሮ ውስጥ ነው። የሩዝ ፍሬ እንኳን አያክልም። ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ጆሯችንን ይከላከልልናል።»

ቀበሮ አያ ጅቦ የሸሸበትን አቅጣጫ አየችና ሳቋን ለማፈን ጅራቷን ነከሰች።

በዚያ ሰሞን አንበሳ እግሩን እሾህ ወግቶት ያነክስ ነበር። ስለዚህ የወንዙን መስክ የሚጠብቅለት ፈለገ፤ በጉልበት ያሸነፈ ይጠብቃል ተባለ። ለውድድር የቀረቡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አያ ጅቦና እትዬ አህይት። አህይት ሹመት አምሯት አይደለም። አያ ጅቦ መንገድ ላይ አግኝቷት «ጠባቂ የሆንኩ ቀን የመጀመሪያ ምሳዬ አንቺ ነሽ» ብሏት ነው።

የውድድሩ ቀን ረፋዱ ላይ ቀበሮ ስትመጣ፣ አህይት መስኩ ላይ ካለው ሾላ ሥር ቆማ ሣር እንኳን አልነካችም።

«እትዬ፣ ምነው ጆሮሽ ተንቀጠቀጠ?»

«ተይኝ እስቲ። ዛሬ መበላቴ ነው።»

«ማን ሊበላሽ? ያ አጥንት ለቃሚ?»

«ከመንጋጋ የሚበልጥ የለም ብለው አስተምረውታል አሉ። ትምህርት ቤት ድረስ ሄዷል እኮ።»

«እስከ ግማሽ ድረስ ነው የሄደው» አለች ቀበሮ። «አንቺ ተራሽ ሲደርስ ያለሽን ያህል ራገጪ። የቀረውን ለኔ ተዪልኝ።»

«ላንቺ? ባለፈው ‹ከኋላሽ አንበሳ አለ› ብለሽ ወንዝ ውስጥ ከተትሽኝ የለም?»

«እሱማ ቀልድ ነበር።»

«ይሄስ?»

«ይሄም ቀልድ ነው። ተረኛው ግን ሌላ ነው።»

አንበሳ እያነከሰ መጥቶ ጥላው ሥር ተቀመጠ። መጀመሪያ አህይት ዞረችና አንድ ግንድ በኋላ እግሯ አንድ ጊዜ ብትመታው ለሁለት ተሰነጠቀ። አንበሳ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ አያ ጅቦ የበሬ ጭን አጥንት አመጣ። ጉንጩን ለሁሉም አሳየና አጥንቱን እንደ ቆሎ ቆረጠመው። ዱቄቱ እንኳን መሬት አልደረሰም፤ ላሰው።

«ግንድ ብዙ ሰው ይሰነጥቃል» አለ አንበሳ። «እንዲህ ያለ መንጋጋ ግን አላየሁም። እንግዲህ ጅቦ...»

ቀበሮ ከመሃል ገባች።

«ጌታው፣ ሳይፈርዱ አንዴ ይስሙኝ። አያ ጅቦን ስም እያጠፉበት ነው። ‹የፀጉር ሪባን እንኳን አይበጥስም› ይላሉ።»

«ማነው ያለው?» አለ አያ ጅቦ።

«እኔ ነኝ።»

አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በዚች ጨርቅ ነው የምትፈትኚኝ? አምጪያት ላኝካት።»

«ማኘክማ ግልገልም ያኝካል። አፍህ ላይ ልሰርልህ፤ አንተ አፍህን ከፍተህ በጥሳት። መዳፍ አይነካም፣ ግንድ ላይ መፈተግ የለም። ውድድሩ የመንጋጋ አይደል እንዴ?»

«ከበጠስኳት አንቺንም ምሳ አደርግሻለሁ።»

«እራት አድርገኝ። አህያ በልተህ ከጠገብክ በኋላ ለምን ታባክነኛለህ።»

«ካልበጠስክስ?» አለ አንበሳ።

«ጌታው ደግሞ፣ ይሄ ይጠየቃል? ካልበጠስኩ መስኩ የአህይት ይሁን። እኔም ዞሬ አላያትም። በፊትዎ ምያለሁ።»

ቀበሮ ሪባኑን ሦስት ጊዜ ጠመጠመችበት። ጫፉንም በጎን በኩል አበባ አድርጋ አሰረችው። አያ ጅቦ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት የምትሄድ ሕፃን መሰለ።

«በል እንግዲህ።»

አያ ጅቦ ታገለ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጆሮው ቆመ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ። ሪባኗ ግን ንቅንቅ አላለችም። ዝንብ መጥታ አፍንጫው ላይ አረፈችና ተመቻት።

«እምምም» አለ።

«ምን እያለ ነው?» አለ አንበሳ።

«‹አህይት ትበልጠኛለች› እያለ ነው ጌታው።»

አያ ጅቦ ራሱን በኃይል ነቀነቀ። «እምምምም።»

«‹ደግሞም ታምራለች› ይላል።»

አህይት ሳታስበው ጆሮዋን አስተካከለች።

«ጅቦ» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ፣ «ያላልከውን ብላብህ ከሆነ፣ አፍህን ክፈትና አላልኩም በል።»

አያ ጅቦ ሞከረ። ሾላው ላይ ያሉት ጉሬዛዎች ሁሉ ጎንበስ ብለው አዩት። ጥላው ዞሮ ፀሐይ እስክታገኘው ድረስ ሞከረና በመጨረሻ ቁጭ አለ።

«መስኩ የአህይት ነው» አለ አንበሳ። «መሐላውንም ሁላችንም ሰምተናል።»

«እትዬ፣ አንቺ ፍቺለት» አለች ቀበሮ።

አህይት እየፈራች ቀረበች። ያንን የሚያስፈራትን አፍ እንዲህ ቀርባ አይታው አታውቅም። የሪባኑን ጫፍ፣ ቀኑን ሙሉ ሣር በሚለቅመው ለስላሳ ከንፈሯ ሳብ ስታደርገው ተፈታ። አያ ጅቦ ዞር ብሎ አላያትም።

«ትምህርት ቤቱ ዋሽቶኛል» አለ ለቀበሮ።

«አልዋሸህም። አንተ ሮጥክ። የሚነክሰው ጉልበተኛ ነው ሲሉ ሰምተህ፣ የሚከፍተው ደካማ ነው ሲሉ ተራራ ተሻግረሃል።»

«ሰማይ ሲወድቅ ምን ላድርግ?»

«ቸርኬ ነው እኮ።»

«የምን ቸርኬ?»

«የመኪና።»

አያ ጅቦ ትንሽ አሰበ። «የቆመ መኪና ወይስ የሚሄድ?»

ቀበሮ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች።

በማግስቱ ሪባኑን ወስዳ ቁልቋሉ ላይ መለሰችው። የጣለችው ተማሪ አገኘችው፣ አሸተተችው፣ ፊቷን አጨማደደች፤ ሦስት ጊዜ አጥባ ነው ያሰረችው።

አያ ጅቦም ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀሪውን ትምህርት ልስማ ብሎ ወደ ቦዩ ይመጣል። ደወሉ እንዳያስደነግጠው ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ይይዛል። መልቀቁን ስለሚረሳው ግን እስከ ዛሬ ምንም አልሰማም።

ከዚህ የምንማረው፣ በጠንካራው ጎናችን ከመፎከራችን በፊት ስለ ደካማው የሚነገረንን ቁጭ ብለን እስከ መጨረሻው መስማት እንዳለብን ነው።