ሰላምታ የምትወደው ባዝራ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ከኋላ ያላችሁት ድምፃችሁ አልተሰማም። ተኛችሁ እንዴ? «ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

እንዲህ ነው እንጂ! በድሮ ጊዜ፣ ከአንድ ተራራ ሥር አንጓች የምትባል ወጣት ነበረች። አንድ ቀን አጎቷ ባዝራ ይዞላት መጣ። ባዝራ ማለት ሴት ፈረስ ናት። ባዝራዋ ከፊት ትንጎራደዳለች፣ አጎትየው ከኋላ ያነክሳል።

«እኔን ጥላ ጥላ ወገቤን ፈጀችው» አለ። «አንቺን ከወደደችሽ ያንቺ ትሁን።»

ባዝራዋ መልኳ ቀላ ያለ ዳማ ናት። ኩራቷን ብታዩ! ድፍርስ ውሃ አትጠጣም። ዝናብ ሲመጣ ማንንም ሳታስፈቅድ ሰው ቤት ትገባለች። ጅብ አትፈራም፤ ዶሮ ስታይ ግን ሸሽታ ትደበቃለች። ሰፈርተኛው ሁሉ «እሜቴ» ይላት ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን አንጓች ዘላ ወጣችባት። «ሂጂ!» አለቻት። እሜቴ ጆሮዋን አስተኛችና እንደ ቋጥኝ ከበደች። ንቅንቅ የለም።

በሁለተኛው ቀን አንጓች በልጓም ጎተተቻት። «ነይ እንጂ፣ አንቺ ግትር!» እሜቴ ይበልጥ ከበደች። ኮቴዋ አፈር ውስጥ ሰመጠ።

በሦስተኛው ቀን አንጓች ሰለቻት። ሳሩ ላይ ቁጭ ብላ የሽምብራ ቆሎዋን መቆርጠም ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ሞቃት ትንፋሽ አንገቷን ነካት።

«ለመሆኑ» አለች እሜቴ፣ «እናንተ ሰፈር እንደምን አደሩ የሚባል ነገር የለም?»

አንጓችን ሽምብራው ትን አላት። ፈረስ ስታወራ ሰምታ አታውቅማ! ግን ደግሞ አፈረች። ብድግ ብላ እጅ ነሣች። «እንደምን አደሩ፣ እሜቴ?»

«እግዜር ይመስገን። አንቺ በዪኝ፣ አላረጀሁም። ያንን ሽምብራ ደግሞ እስቲ ወዲህ በዪው።»

ቆሎውን ተካፍለው በሉ። አንጓች ስትወጣባት እሜቴ እንደ ላባ ቀለለች። ሜዳውን ሲጋልቡት ሳሩ እንኳ አልጎበጠም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተለያዩም። አንጓች ጋማዋን ስታክላት እሜቴ ዓይኗን ጨፍና የነጠላዋን ጫፍ ታኝካለች።

ታዲያ አንድ ቀን የመንደሩ ምንጭ ደረቀ። ለካ አንድ ጭራቅ መጥቶ በሰፊ መቀመጫው የምንጩን አፍ ወትፎታል!

«ጥላው ተስማምቶኛል፤ አልነሣም» አለ።

በግ ሰጡት። በላ፤ አልተነሣም። ማር ሰጡት። ላሰ፤ አልተነሣም። እግሩ ላይ ወድቀው ለመኑት። አዛጋባቸው። ጥጃዎቹ በጥም ጮኹ። የሕፃናቱ ከንፈር ተሰነጣጠቀ።

አንጓች ወደ እሜቴ ሄደች። «ልሄድበት አስቤ ፈራሁ» አለቻት።

«እኔም እፈራለሁ። ዶሮ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው እንሂድ።»

ጭራቁ ከሩቅ ሲያያቸው ከንፈሩን ላሰ። «ምሳዬ በእግሯ መጣች!»

«ጌታዬ» አለች አንጓች አጠገቡ ደርሳ ከኮርቻዋ ላይ ሆና፣ «ይቺን እንኳን ሊበሏት ፈቀቅ ሊያደርጓትም አይችሉ።»

«እኔ? ይቺን መጋዣ?» ጭራቁ እንደተቀመጠ በአንድ እጁ ገፋት። እሜቴ ስድቡን ሰማች። ጆሮዋ ተኛ፤ ከበደች።

«ይቺን ቀርፋፋ!» በሁለት እጁ ገፋት። ኮቴዋ መሬት ውስጥ ገባ።

«ይቺን አሮጊት!»

ኧረ ይሄስ አይባልም ነበር! የእሜቴ ክብደት ተራራ አከለ። ጭራቁ በንዴት ብድግ ብሎ በትከሻው ሊገፋት ሲል፣ ታፍኖ የከረመው ውሃ ቡልቅ አለ። እግሩን ጠልፎ ጣለው፤ እያንከባለለም ገደል ሰደደው። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ውሃው ግን እነአንጓችንም ከበባቸው። እሜቴ ቁጣዋ አልበረደም፤ አሁንም ድንጋይ ናት። ውሃው የአንጓችን ጉልበት ደረሰ።

«ዝለዪ! አለቱ ላይ ውጪ!» እያሉ የመንደሩ ሰዎች ከወዲያ ጮኹ።

አንጓች አልዘለለችም። ጎንበስ ብላ የባዝራዋን አንገት አቀፈች። «የኔ እመቤት፣ ነውር ተናገረሽ። ልክ ነሽ፣ ተቆጪ። እኔ ግን ትቼሽ የትም አልሄድም።»

አንደኛው ጆሮ ቀና አለ። ቆይቶ ሌላውም ቀና አለ። እሜቴ በረጅሙ ተነፈሰችና ቀለለች። እንደ ቅጠል ውሃው ላይ ተንሳፈፈች፤ ጋልባም ደረቁ ላይ ወጣች።

መንደሩ እልል አለ። ድግስ ተደገሰ። አንጓች ግን ባዝራዋን በነጠላዋ አድርቃ ሳትጨርስ፣ እሜቴ ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ከባድ ጭንቅላት! ክንዷ ደነዘዘ።

«አንጓች፣ ነይ እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ!» ብለው ተጣሩ።

አንጓች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «እሽሽ... ተኝታለች።»

ልጆቼ፣ ጉልበት ያላነቃነቀውን ፍቅርና አክብሮት ያነቃንቀዋል።

ተረቴ ግልቢያውን ጨረሰ፤ እኔም ከኮርቻው ወረድኩ። በሉ ለደረቀው አፌ አንድ ጭብጥ ቆሎ!